የሱፍ ማኪያቶ ዋጋ

ሞጣ፣ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ቢቸና ለሸፈተው ባለቤቴ ለያለው፤

እንዴት ከረምክ? እኅትህ እትዬ አየሁሽስ እንዴት ናቸው? ስልክ ያልደወልኩልህ ድምፅህን ስሰማ መጮሄ ስለማይቀር ነው። ወረቀት ላይ ብጮህ ጎረቤት አይሰማም። እኔ ደህና ነኝ፤ ካፌያችንም ደህና ነው። እጄ ብቻ ውኃ ቋጥሯል።

የዚያን ዕለቱን ነገር ልርሳው ብል አልሆነልኝም። እማማ ወለተ ሥላሴ ከቅዳሴ ወጥተው የሱፍ ማኪያቶ ሲያዙ፣ «ከላም ወተቱ ሁለት ብር ይጨምራል» አልካቸው። ስኒውን ሳይነኩ ተነሥተው ወጡ። እኔም ደሜ ፈላና ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ጾመኛን ቀረጥ የምታስከፍል ሆዳም!» አልኩህ። አንተ ሽርጥህን ፈትተህ ምስማሩ ላይ ሰቀልክና በይስማው ሚኒባስ ሄድክ።

በነጋታው ሁለቱን ብር ሰረዝኩ። ሰዉ መረቀኝ፤ እኔም ኮራሁ። ኩራቴ ግን ሳምንት አልቆየም። ለካ ሱፍ እንደ ላም ታልቦ አይመጣም! ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ተበጥብጦ በስስ ጨርቅ ይጠለላል። የመጀመሪያ ቀን ደህና አድርጌ ሳልጠልለው ቀርቼ፣ ደንበኛው ሁሉ ገለባ ከጥርሱ ሲለቅም ዋለ። አንተ ይህን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ስትሠራ እኔ ተሸፋፍኜ እተኛ ነበር። ስነሣ ነጭ ሆኖ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። ሆዳም ያልኩህ በድዬህ ነው። ይቅር በለኝ።

እማማ ወለተ ሥላሴ ቤት ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ የሰው ድካምማ ይከፈላል» አሉኝ። «እኔን የከፋኝ ጎረቤቴ በርካሽ እየጠጣ፣ እኔ ስለጾምኩ ቅጣት የተጨመረብኝ መስሎኝ ነው።»

ይህንኑ ለጨርቅ ነጋዴው ለሳሊህ ባጫውተው ሳቀብኝ። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? በላሙ ላይ አንድ ብር ጨምሪ፣ ከሱፉ የድሮ ዋጋ ላይ አንድ ብር ቀንሺ፤ እኩል ይሁኑ። የላሙን የምጠጣ እኔ ነኝ፤ ጾማችሁን በአንድ ብር ላግዛችሁ» አለኝ።

እንዳለኝ አደረግሁ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ያጉረመረመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በማግስቱ ተመልሶ መጣ። እማማ ወለተ ሥላሴ ትናንት ለደብረ ዘይት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎራ ብለው ስኒውን ጥርግ አድርገው ጠጡ። «ያ ዝምተኛው የት ሄደ?» ቢሉኝ፣ «እኅቱን ሊጠይቅ» አልኳቸው። በጾም አፌ ዋሸሁልህ።

ለፋሲካ አራት ሳምንት ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ ሱፍ የሚጠይቅ አይኖርም። እስከዚያም ብቻዬን እችለዋለሁ፤ እጄ ለምዷል። ስለዚህ ለሱፉ ብለህ እንዳትመጣ።

ይስማው ሐሙስ ከቢቸና ይመለሳል። የፊተኛውን ወንበር እንዲይዝልህ ነግሬዋለሁ።

የእትዬ አየሁሽን ጉልበት ሳምልኝ። ያስጀመረን አምላክ ጾሙን በሰላም ያስፈታን፤ አንተንም በደህና መንገድ ያምጣልኝ።

ምላሰኛዋ ሚስትህ፣
ወይንእሸት

ሽርጥህን አጥቤ እዚያው ምስማር ላይ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። እኔ የምሠራው ያለ ሽርጥ ነው።