በኅዳር ሚካኤል ዕለት ሸጥከው የተባለው ቤት

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። የሙት ዓመት ተዝካርህንም አውጥተናል። አሁን ሐምሌ ነው፤ የጉና ተራራ ጉሙን ከለበሰ ሰነበተ። እኔ እዚያው ወገዳ አስተምራለሁ። ንፋስ መውጫ ነፋሷ እንዳለ ነው፤ ባጃጁ ግን በዝቶ በእኛ በር በኩል ሳይቀር ጡሩምባውን ያስጮኸዋል። ጋብዲኖ ካፖርትህን እማዬ ለማንም አልሰጠችም። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ቤቱ ነው፤ ልናጣው ነበርና።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ እማዬ ዘንድ መጣ። ያ የመብራት ቆጣሪ ላስቀይርልህ ብሎ የቤቱን ካርታና መታወቂያህን ሳምንት ሙሉ ይዞብህ የቆየው ደላላ ነው። ወረቀቱ የሽያጭ ውል ነበር። ከማረፍህ ሦስት ወር በፊት ባሕር ዳር ሄደህ ቤቱን እንደሸጥክለት ይናገራል። በሁለት ወር ውስጥ ልቀቂ አላት። ያኔ ስንት ጊዜ እንደተቆጣሁህ አትጠይቀኝ። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ሲባል እየሰማህ አድገህ፣ አንተ ግን ቋሚውን ሁሉ ታምን ነበር። መጥረቢያህን ለጎረቤት እንደምታውሰው ካርታህንም አዋስከው።

ከወገዳ ገስግሼ መጥቼ ውሉን አየሁት። ፊርማው የመጨረሻዋ ፊደል ጭረት ሳይቀር ያንተን ይመስላል። አባዬ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ጠረጠርኩህ። ታመህ ነበርና ለሕክምና ተጨንቀህ፣ ለእኛ መንገር አፍረህ ሸጠኸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እማዬን ወደ ወገዳ ልወስዳት ዕቃዋን ማሰር ሁሉ ጀምሬ ነበር። በዲግሪዋ የምትኮራባት ልጅህ ያደረገችው ይህንን ነው። ይቅር በለኝ።

እማዬ ግን ውሉ ሲነበብ በጆሮዬ ካልሰማሁ አልለቅም አለች። ማዘጋጃ ቤት ይዣት ሄድኩ። ሠራተኛው ከላይ ጀምሮ አነበበላት፤ እሷም አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። ቀኑ ላይ ሲደርስ «እስቲ ድገመው ልጄ» አለችው። ኅዳር አሥራ ሁለት ብሎ ደገመላት። ነጠላዋን አስተካክላ ሳቀች። «በኅዳር ሚካኤልማ ጽዋው የኛ ነበር! ባለቤቴ እግሩ አብጦ ከቤት ንቅንቅ አላለም» አለች።

ከዚያ የጽዋ ማኅበሩን ተራ ትቆጥር ጀመር። ጥቅምት እነማን ቤት፣ መስከረም እነማን ቤት፣ ታኅሣሥ ጽዋውን ከእኛ ማን ተቀብሎ እንደወሰደ፣ አሥራ ሁለቱንም ቤት ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሄደችባቸው። ሠራተኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊደል ያልቆጠረች እናቴ ዓመቱን በሙሉ በልቧ ይዛዋለች። እኔ ፊርማውን ሳገላብጥ ቀኑን ልብ ብዬ እንኳ አላየሁትም። እንዲህ ያለች ሴት አጠገብ አድጌ ሳላውቃት መኖሬ ይገርመኛል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አሥራ አንዱም ማኅበርተኞች መጡ፤ አንዳቸውም አልቀሩም። የነፍስ አባታችን እንኳ በዚያ ጉልበታቸው ምርኩዝ ይዘው ደረጃውን ወጡት። ዳኛዋ አንድ በአንድ እያስገባች ጠየቀቻቸው። አንዱ እግርህን ትራስ ላይ ሰቅለህ እንደተቀመጥክ፣ አንዷ ዳቦውን ቄሱ ሲባርኩት መነሣት አቅቶህ እንዳለቀስክ ተናገሩ። ሌላው ጠላው ቀጥኖ እንደነበር መሰከሩ። ለዚህኛው እማዬ እስካሁን ይቅርታ አላደረገችላቸውም። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ አዳምጥ ነበር። ያን ቀን ቤታችን እንግዳ ሲበላና ሲጠጣ የዋለ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አሥራ አንድ ሰው ልብ ውስጥ ተጽፈህ ውለሃል። ፊርማውም ተመርምሮ ሐሰት መሆኑ ታወቀ። ውሉ ፈረሰ፤ ደላላውም ተከሷል።

አሁን ካርታው በእማዬ ስም ወጥቷል። ራሷ በአካል ሳትቀርብ ስሙ ለማንም እንዳይዛወር ማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ አመልክታለች፤ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመችበት። ዋናውን ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች። በስልኬ ፎቶ ላንሳው ብላት «አንቺም ብትሆኚ፣ እዚሁ ፊቴ» አለችኝ። ፊቷ ቆሜ አነሣሁት።

አባዬ፣ አልረሳህም። የክርስትና ስምህ ሲነሣ እንድሰማ በቻልኩት ወር ሁሉ ለሚካኤል እመጣለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ አረጋውያኑ ከቅጥሩ ጥግ ሲያርፉ አጠገባቸው ተቀምጬ ስሕተትህን እነግራቸዋለሁ። አባቴ ደግ ነበር፣ ካርታውን ግን ለሰው ሰጠ፣ እናንተ አትስጡ እላቸዋለሁ። ቅር አይበልህ፤ ብትኖር ራስህ ቆመህ ትነግራቸው ነበር። በሰኔ ሚካኤል ይህንኑ ሳወራ አንዲት ባልቴት ጨርሼ እንኳ ሳልነግራቸው ብድግ አሉ። ወዴት ነው ብንላቸው፣ ለካ ካርታቸውን ለሰው ሰጥተው ኖሮ ሊቀበሉ መሄዳቸው ነው።

ልጅህ