መጋዘን ስለተቆለፈበት የሀሩን እጅ

ለተከበራችሁ የ«ይፋት በቀለም» የሥዕል ትርኢት አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት
ሸዋ ሮቢት

የቆላው ሙቀት ከአዳራሻችሁ ደጃፍ እንዲመለስ፣ ቬንትሌተራችሁም መብራት ሳይጠፋበት እንዲሽከረከር ከልብ እየተመኘሁ፣ የሱቅ ሰሌዳና የባጃጅ ጀርባ በመጻፍ የምተዳደረው እኔ ኤርሚያስ ሰይፉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናችሁ እንደ ማኅተማችሁ የጠነከረ ይሁን።

«ሽንኩርት ሻጯ» የተባለው ሥዕሌ ትርኢቱ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ከግድግዳ ወርዶ መጋዘን እንደተቆለፈበት ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱም ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ፎቶ እያየሁ ስለሣልኩት ነው። ጥፋቴን አልክድም፤ አስቀድሜ ማስፈቀድ ነበረብኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንኳ ሳላጣራ ነቅንቄያለሁ። ስለ ቅጂ መብት ቆሜ ለሁለት ሰዓት እንድማር ስላደረጋችሁኝም አመሰግናለሁ። ይሁንና ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

1. ከፎቶው ባለቤት በማኅተም የተደገፈ የፈቃድ ደብዳቤ እንዳመጣ አዘዛችሁኝ። ፎቶውን የለጠፈው ሰው ግን በገጹ ላይ ከአንዲት ጀንበር ምስል በቀር ስም አልነበረውም። ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት፤ ዝም አለ። ጀንበር ማኅተም ይኑራት አይኑራት የሚያውቅ ከካራቆሬ እስከ ደብረ ሲና ብጠይቅ አጣሁ።

2. በስልኬ የነበረውን ፎቶ በፊታችሁ እንድሰርዝ አዘዛችሁኝ፤ ሰረዝኩ። በሳምንቱ ገጹም ተዘጋ። ለጥንቃቄያችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ዛሬ የቀረው እናንተ የቆለፋችሁበት ሥዕል ብቻ ነው።

3. ዋናው ቅሬታዬ ይኼ ነው። በመክፈቻው ዕለት እትዬ ከዲጃ ጆንያቸውን ለገበያ ጎረቤታቸው አደራ ሰጥተው ወደ ትርኢቱ መጡ። ለካ የሣልኳቸው ሴት እርሳቸው ኖረዋል! ፎቶው የዛሬ አሥር ዓመት የተነሳ ነው፤ ቢሆንም በየሳምንቱ ሽንኩርት እየገዛኋቸው አላወቅኳቸውም፤ ሠዓሊነቴን ታዘቡልኝ።

እትዬ ከዲጃ አልተቆጡኝም። የራሳቸውን ፊት እንኳ ብዙ አላዩም። ያዩት ከጥግ በኩል ጆንያውን የደገፈውን፣ ሌባ ጣቱ ከአንጓው የጎደለ እጅ ነው። ፎቶ አንሺው የቀረውን ሰውነት ከፎቶው ውጭ አስቀርቶታል፤ እኔም እጁን ከፎቶው እንዳለ የገለበጥኩት ጥጉ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነበር። «ይኼ እኮ የሀሩን እጅ ነው፤ አላህ ይዘንለት» አሉ። ሀሩን ባለቤታቸው ነበሩ፤ ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው፤ ፎቶ መነሳት የማይወዱ ሰው ስለነበሩ አንድም አልተዉም። ሥዕሉን እንደምሰጣቸው እዚያው ቃል ገባሁ። በማግሥቱ እናንተ ቆለፋችሁበት።

እትዬ ከዲጃ ቢሯችሁ ድረስ መጥተው እኔ ፈቅጃለሁ ቢሏችሁ፣ የፎቶው ባለቤት ስላልሆኑ ፈቃዳቸው ዋጋ እንደሌለው በትሕትና አስረዳችኋቸው። ፊት የባለፊቱ፣ እጅም የባለእጁ እንዳልሆነ በስተርጅና ተማሩ። ለጎልማሶች ትምህርት ላደረጋችሁት አስተዋጽኦ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን አፈርኩ፤ በእናንተም በራሴም።

4. ለሚቀጥለው ትርኢት በለጠፋችሁት ማስታወቂያ ላይ ይኸው የተከለከለው ሥዕሌ በትልቁ ታትሟል። ፊርማዬ ያለበት ጥግ ተቆርጧል፤ እጁም አብሮ ሄዷል። ማንን አስፈቅዳችሁ እንደሆነ መጠየቅ ድፍረት ስለሚሆንብኝ ትቼዋለሁ።

ስለዚህ ሥዕሉ ተመልሶ ይሰቀልልኝ አልልም። መጋዘኑ ተከፍቶ ለእትዬ ከዲጃ ይሰጥልኝ፤ ሌላ የምለምነው የለኝም።

የማኅተማችሁ ቀለም አይድረቅ እያልኩ፣ ቀጠሯችሁን በትዕግሥት፣ ቁልፋችሁን በናፍቆት የምጠባበቅ፣

ትሑት ተማሪያችሁ
ኤርሚያስ ሰይፉ
የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊና፣ እናንተ ከፈቀዳችሁ፣ ሠዓሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልሳችሁ እስኪደርሰኝ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። እትዬ ከዲጃ ከገበያ መልስ ሱቄ እየመጡ በቃል ይነግሩኛል፤ እኔም ሀሩንን ሙሉ ሰው አድርጌ እየሣልኳቸው ነው፤ ጆሯቸውን ብቻ ሦስት ጊዜ አስፍቀውኛል። ምንም ፎቶ አላየሁም። ለዚህም ፈቃድ ያስፈልጋል የምትሉ ከሆነ፣ ባለፊቱ መቃብር ውስጥ ናቸውና ደብዳቤውን እናንተው በማኅተም ጻፉላቸው፤ እኔ ወስጄ አነብላቸዋለሁ።