የማን አጥንት ነው?

እሑድ

ቀፈፈኝ። ሐኪሙ የመንጋጋዬን ራጅ ብርሃን ላይ ይዞ፣ የፊት ጥርሴ ከተነቀለ ወዲህ ከሥሩ ያለው አጥንት ሟሙቷል አለ። የአዲሱን ጥርስ ብሎን የሚይዝ ነገር የለም፤ መጀመሪያ አጥንት ይጨመራል። «ቤሰደር»፣ እሺ፣ አልኩ። ከዚያ ነው ከየት ብዬ የጠየቅኩት።

ከራሴ መንጋጋ ጥግ። ወይም ከላም። ወይም ከሞተ ሰው፣ ተጣርቶ፣ ተፈጭቶ። ብልቃጡን አሳየኝ፤ ሻካራ ጨው ይመስላል። ምላሴ ወደ ጉሮሮዬ ሸሸች።

ከዕብራይስጡ ለእማዬ አስተረጎምኩላት። ከአሳማ የሚሠራም አለ ሲል ያንን ዘለልኩት። «ሐዚር» የምትለዋን ቃል ግን እማዬ ማስተርጎም አያስፈልጋትም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሰኞ

እማዬ ትናንት ከአውቶቡሱ ጀምሮ ክርያት አታ ቤታችን እስክንገባ፣ ከዚያም ዛሬ ቀኑን ሙሉ፦ «አገራችን ኢትዮጵያ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ከቤት ውጭ ነበር። አንች በአፍሽ ተሸክመሽ ስንት ቀን ልትቆይ ነው? ዕድሜሽን ሙሉ? ማዕዴ ላይ አትቀርቢም!»

ላሟ ትሁን አልኩ። «ማን ባርኮ አረዳት?» የእኛ የቤተ እስራኤል ቄስ ያላረደውን አትቀምስም።

«እማዬ፣ ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት። የቀረው ማዕድን ብቻ ነው።»

«ማዕድን ከሆነማ ከድንጋይ ያምጡልሽ!»

ክሊኒኩ ደወልኩ። ሰው ሠራሽም አለ፤ ለእኔ ጉድጓድ ግን ሐኪሙ አልመረጠውም። እንግዲያው ከራሴ። ሁለት ቁስል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ብልቃጡ እኔንም አስጠልቶኛል።

ረቡዕ

ሐኪሙ አደነዘዘኝ፤ ሕመም የለም። ድምፁ ግን! ከመጨረሻው ጥርሴ ጀርባ አጥንቴን ሲፍቅ በራስ ቅሌ ውስጥ ሰማሁት። ፍቅፋቂውን ከደሜ ጋር ለወሰው፤ እርጥብ አሸዋ። ጠቀጠቀው፣ ሰፋው። በመስኮቱ የወደቡን ክሬኖች ቆጠርኩ።

የሐኪሙ ትእዛዝ፦ አትትፊ። በቀጭን ቱቦ አትጠጪ። በምላስሽ አትነካኪ። እስኪይዝ ወራት ይፈጃል። ወራት! እኔ ነገ ጥርስ አውጥቼ ሥራ ልቀጠር ነበር።

ሐሙስ

ፊቴ ዱባ ሆኗል። አፌ ዝገት ዝገት ይላል፤ ደም የቀላቀለ ምራቅ እውጣለሁ። ወንድሜ ከጦር ሰፈር መልእክት ላከ፦ «የራስሽን አጥንት ትግጫለሽ አሉ። ይጥማል?» ደደብ።

እማዬ አጥሚት አቀዘቀዘችልኝ። «የራስሽ ነው?» «የራሴ ነው።» «ማይልኝ።» ማልኩ። ማዕዷ ላይ ቀረብኩ። ድል ነው።

ዓርብ

ጧት ምላሴ ላይ አንዲት ነጭ ፍርፋሪ አገኘሁ። ጠንካራ። ክሊኒኩ ደወልኩ፤ ረዳቷ፣ «አንድ ሁለት ፍርፋሪ ያጋጥማል፤ ስፌቱ ከተከፈተ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ ግን ዛሬውኑ ነይ» አለች። በመስታወት አየሁት፤ አልተከፈተም።

ፍርፋሪዋን ቆሻሻ መጣያው ላይ ልጥል ስል እማዬ ከእጄ ነጠቀችኝ። «የሰው አጥንት እዚህ አይጣልም!» በረንዳ ላይ ያለው የጤና አዳም ጣሳ ውስጥ ቀበረቻት። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ፣ አሁን ሰባቱን ቀን ውጭ የምታድሪው አንች ነሽ?»

«ዝም በይ፣ ስፌትሽ ይፈታል።» ታጠበች። ልብሷን ቀየረች። ደግማ ታጠበች።

ሰንበት ሊገባ ነው። ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሷ በረከሰ እጄ አልነካም ብላለች፣ እኔ ማኘክ አልችልም። ቆርሼ አቀርብላታለሁ። ያንኑ አጥንት ከያዘ እጄ ትበላ ይሆን?