የፎቁን ክፍል ያደስኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1958

በሩን በመዶሻ ከፈትኩት። ሚስማሮቹ ዝገው ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆነዋል። አባቴ ሲቸነክረው እኔ ገና ያላገባሁ ልጅ ነበርኩ። እማዬ ከግቢው ሆና፣ "ተይ ብዙነሽ! ያ ክፍል ሰው አይወድም!" ትላለች። "እኔም ሰሞኑን ሰው አልወድም፣ እንስማማለን" አልኳትና መታሁት።

የክፍሉ ታሪክ ይኸው ነው። በጣሊያን ጊዜ አንድ ሹም ይህን ቤት ነጥቆ ተቀመጠበት፣ መብራትም አስገባበት። ሹሙ ሄደ፣ ሽቦው ቀረ። ጨርቅ የለበሰ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሽቦ ነው። ክረምት መጥቶ ድንጋዩ ሲርስ ግድግዳው ይነዝረን ነበር። ልጆች ሆነን እየተገፋፋን እንነካውና እየጮህን እንሮጣለን። አንድ ሐምሌ ግን ጣራው ላይ እሳት ተነሳ። ጎረቤት አፈር እየበተነ አጠፋልን። አባቴ በማግስቱ ሽቦውን ሳያስነቅል በሩን ቸነከረ። ከዚያ ወዲህ የገባበት የለም።

አሁን እኔ ልገባበት ነው። ከጅጅጋ ልጄን ሰናይትንና አንድ ሻንጣ ይዤ ከመጣሁ ወዲህ ከእማዬ ጋር ሦስት ሆነን ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ተጣበን ነው የምናድረው። ምድር ቤቱን ባለሱቅ ተከራይቶታል።

እሁድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። መቶ አለቃው ነው የላካቸው። ስሙን እዚህ ደብተር ላይ አልጽፍም። "ልጅ ይዘሽ የት ትወድቂያለሽ? ወደ ባልሽ ተመለሽ" እንደሚሉኝ ከአሁኑ አውቃለሁ። እሁድ ሲመጡ ገብቼበት የምጠብቃቸው ቤት ይኖረኛል።

መስኮቱን ከፈትኩት። ከጣራዎቹ በላይ ሐኪም ጋራ ከክረምቱ እንደወጣ አረንጓዴ ለብሷል። አቧራው አሳለኝ። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ስጠርግ ዋልኩ። የሌሊት ወፍ ኩስ። የተቃጠለ ወራጅ። ክንዱ የተሰበረ ወንበር። አንድ ፍየል የሚያህል የአቧራ ክምር። ጥላሸቱ በውሃ ሲታጠብ ይብሳል፣ በደረቅ መጥረጊያ ነው የሚለቀው። ይህንን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀሁ፣ አንድ ቀሚስም አበላሸሁ።

ከሰዓት በኋላ አብዱላሂን አመጣሁት። ጀጎል ውስጥ ሱቅ አለው፤ ራዲዮ ይጠግናል፣ መብራት ይዘረጋል። እንደ ሐረር ሰው ሁሉ ትልቅ ትንሽ ሳይለይ "አንቺ" ነው የሚለው። ሽቦውን በካቻቢቴው ጫፍ ሲነካካው ጨርቁ እንደ አመድ ረገፈ።

"አቦ፣ ይሄ ምኑ ሽቦ ነው? ሁሉም መውጣት አለበት" አለ።

"ሁሉም ይውጣ።"

"የቤቱን ወንድ ጥሪልኝ፣ ከሱ ጋር እንነጋገር።"

"እየተነጋገርክ ነው" አልኩት።

ሳቀ። "ወላሂ፣ እሺ። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሳምንት…"

"ኢንሻአላህ ቅዳሜ በል።"

"ኢንሻአላህ ቅዳሜ" አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

የአንገቴን ወርቅ ሸጥኩ። የሠርጌ ነበር። አዲስ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አምፖል፣ ኖራ። የተሻለ ነገር ገዝቼበት አላውቅም።

ማታ እማዬ፣ "ባል ይቆጣል፣ ይበርዳል። አባትሽስ አይቆጣም ነበር?" አለችኝ። የነገርኳት "ተጣላን" የሚለውን ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10

ጋሼ ጌታቸው መጣ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ቤቱ ከግንቡ ውጭ ነው፣ ሐሳቡ ግን ሁልጊዜ እዚህ ነው። የፎቁን ክፍል ለባለሱቁ የዕቃ ማስቀመጫ ሊያከራየው ቃል ገብቶ ኖሯል። አዲስ ጓጉንቸር ይዞ ነበር የመጣው።

እኔ ግን ጠዋት በሩን ከነማጠፊያው ነቅዬ፣ ልፍቀው ብዬ ግቢ ውስጥ ለፀሐይ አጋድሜዋለሁ። ደረጃውን ወጥቶ ባዶውን መቃን ሲያየው ጓጉንቸሩን በእጁ እንደያዘ ቆመ። እውነቱን ልጻፍ፣ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

"ባሏን ጥላ የመጣች ሴት ቤት አፍርሳ ደግሞ ቤት ታድሳለች?" አለ።

"ያፈረስኩትን አሳየኝ" አልኩት።

"ስማችን ገበያ ወጣ እኮ!"

"እንግዲያው እዚያው ይዋል። እኔ ኖራ አለብኝ።"

ወደ እማዬ ዞረ። ቤቱ የእሷ ነው፤ አንድ ቃል ብትናገር ያበቃለት ነበር። እማዬ መሬት መሬቱን እያየች፣ "እሁድ ሽማግሌ ይወስን" አለች። ከእኔ ጋር አይደለችም። ከእሱም ጋር አይደለችም። ለጊዜው ይበቃኛል።

የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ ለሥራ ማመልከቻዬ መልስ ሰጠችኝ! አንዷ አስተማሪ ልትወልድ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ በእሷ ቦታ ሁለተኛ ክፍልን እይዛለሁ። ካገባሁ ጀምሮ ጠመኔ አልነካሁም። መቶ አለቃው አይወድማ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

በቀኝ እጄ መጻፌ በጀ። ግራው አይታዘዝም።

የሆነው እንዲህ ነው። አብዱላሂ ጠዋት ታች ወርዶ ፊውዙን ነቀለና አሮጌውን ሽቦ ማውጣት ጀመርን። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እጠቀልላለሁ። ከዚያ የረሳውን ፒንሳ ሊያመጣ ወረደ። ለካ ባለሱቁ ራዲዮው ስለጠፋበት ፊውዙን መልሶ ሰክቶታል! አብዱላሂ ግቢው ውስጥ ያለው አምፖል ሲበራ አየና ከደረጃው ሥር ጮኸ። "አትንኪ! ብዙነሽ፣ አትንኪ!" ደጋግሞ ጮኸ። እማዬም ጮኸች። ሰናይትም ጮኸች።

እኔ አልሰማሁም። ደረጃው በግራዬ በኩል ነበር።

ሽቦውን ያዝኩት። ከትከሻዬ ላይ ክንዴን ሰው የመነጨቀኝ መሰለኝ። ወደ ኋላ ወረወረኝ፣ የአቧራው ክምር ላይ ወደቅኩ። አምላክ ሲጠብቅ በጠረግኩት ቆሻሻ ላይ ነው የጣለኝ። መዳፌ ላይ ነጭ ቃጠሎ ወጥቷል። አብዱላሂ ፊቱ ገርጥቶ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" ይላል። ቀጥሎ ወርዶ ከባለሱቁ ጋር የተነጋገሩት እዚህ አይጻፍም። ፊውዙን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ተመለሰ።

እማዬ ደረጃው ላይ ቆማ አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12

እማዬ ጠዋት ሰናይትን ውሃ ልካ አስወጣቻት። ከዚያ በቀኜ በኩል መጥታ ተቀመጠች።

"የትኛው ጆሮሽ ነው?"

"ምን?"

"ያን ያህል ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አንቺ ዞር እንኳ አላልሽም። ከመጣሽ ጀምሮም ስጠራሽ አንዳንዴ ዝም ትያለሽ፤ ኩርፊያ መስሎኝ ነበር። የትኛው ነው?"

ነገርኳት። ለማንም ሳልነግር ቆይቼ ለእሷ ነገርኳት። ፋሲካ ሰሞን ነበር። ወጡ ቀዘቀዘ ብሎ በጥፊ መታኝ። አንድ ጥፊ ነው። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ተነሳ። ፉጨቱ ሲቆም ሌላው ድምፅ ሁሉ አብሮት ቆመ። ሐኪሙ አየና ታንቡሩ ተቀዷል፣ ውስጡም ተጎድቷል፣ መስማቱ አይመለስም አለኝ። መቶ አለቃው ደግሞ ሲለማመጠኝ ከረመ፤ አበባ የታተመበት ሻሽ ገዛልኝ። ከዚያ ባለፈው ወር እጁን በሰናይት ላይ አነሳ። አልመታትም። አነሳ ብቻ። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነበርን።

እማዬ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የኖራውን ባልዲ አንስታ ደረጃውን ወጣች። እሳቱ ከተነሳ ጀምሮ ረግጣው የማታውቀው ክፍል ውስጥ ገብታ ግድግዳውን መቀባት ጀመረች። ስወጣ፣ "አንቺ በዚያ እጅሽ አትንኪ። ከላይ ያልደረስኩበትን ብቻ አሳዪኝ" አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ቀባች። ኖራው ፀጉሯ ላይ ተንጠባጥቦ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

የተሠራው፦ ሽቦው አዲስ ነው፣ ከላይ እስከ ታች። የተቃጠለው ወራጅ ተቀይሯል። ግድግዳው ነጭ። በሩ ተፍቆ ተመልሷል። የእኔና የሰናይት አልጋ ገብቷል።

ያልተሠራው፦ የፎቁ መብራት። ለባለሱቁ ፊውዙ ተመልሶለታል፣ የእኔ ግን ገና ነው። አብዱላሂ፣ "የመብራት ሰዎች መጥተው ሳያዩት አላገናኘውም፣ ሐሙስ አንድ ጊዜ ገድዬሽ ነበር" አለ። የሚመጡት ቢፈጥን ሰኞ፣ ካልሆነ ማክሰኞ ነው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እንደገና ለመንኩት። "አቦ ተይኝ" አለ እንጂ አልበገር አለ። ልክ ነው። ግን ተናደድኩ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አምፖል በርቶ እንዲያዩኝ ነበር የፈለግኩት። በኩራዝ ልቀበላቸው ነው።

ደግ። በኩራዝም ቢሆን ቤቴ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 14

መጡ። ግራዝማች፣ አባቴ በሕይወት ሳለ የሚያከብራቸው የሰፈር ሽማግሌ። የእማዬ የነፍስ አባት። ጋሼ ጌታቸው። እማዬ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ልታስቀምጣቸው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ "ወደ ላይ ይውጡ" አለቻቸው። ደረጃው ጠባብ ነው፣ እያለከለኩ ወጡ። እኔ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ቀኝ ጆሮዬን ወደ እነሱ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ግራዝማች ጀመሩ። መቶ አለቃው አጥፍቻለሁ ብሏል፤ ልብስም ይገዛል፤ ልጅ ያለ አባት አታድግም፤ ማክሰኞ መኪና ይልካል። ዙሪያውን ተመለከቱና፣ "ልጄ፣ እዚህ እንዴት ትኖሪያለሽ? መብራት እንኳ የለውም እኮ" አሉ።

"ይመጣል፣ ግራዝማች። እስኪመጣ ጨለማውን እቀመጥበታለሁ።"

"ይህ እልህ ነው።"

"አዎን፣ እልህ ነው" አልኳቸው።

ጋሼ ጌታቸው ሊናገር አፉን ከፈተ። እማዬ ቀደመችው። እናቴ በሽማግሌ ፊት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ቆማ ነበር፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ።

"ግራዝማች፣ እርስዎ ባሉበት ነው ልጄን የዳርኳት። ስሰጠው ሁለት ጆሮ ነበራት። አንዱን በጥፊ አጥፍቶባታል። ጆሮዋን ይመልስልኝ፣ እኔም ልጄን እመልስለታለሁ።"

ታች የባለሱቁ ራዲዮ ይሰማል። አባ መቋሚያቸውን እያዩ ቀሩ። ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው?" አሉኝ። "እውነት ነው" አልኩ።

"ይህን አልነገረንም" አሉ። ሲነሱ የእማዬን እጅ ይዘው ቆዩ። አባ ሰናይትን በመስቀላቸው ባረኳት፣ ቀጥሎ ሳልጠይቃቸው ክፍሉን ባረኩት።

ጋሼ ጌታቸው ከእነሱ ጋር አልሄደም። ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ሲመሽ ተነስቶ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16

ብዙ ነገር።

ትናንት ማስተማር ጀመርኩ። ሕፃናቱ በግራዬ በኩል ሲያንሾካሹኩ አልሰማም፤ ስለዚህ ጠረጴዛዬን ወደ ግራው ጥግ ገፋሁት፣ ሁሉም ቀኜ ላይ ሆኑ። አንዷ ለምን ብላ ጠየቀችኝ። "ይህኛው ጆሮዬ አይሰማም" አልኳት። እንደዚያ፣ በቀላሉ። "እሺ" አለችና ጽሕፈቷን ቀጠለች።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ የመብራት ሰዎች ቤት ውስጥ ነበሩ። ጋሼ ጌታቸው ነው ከጠዋት ጀምሮ ደጃቸው ላይ ቆሞ ያመጣቸው። ይቅርታ አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። መሰላሉን ይዞላቸው ነበር። ቆጣሪው በማን ስም ይሁን ሲሉ ቀና ብሎ አየኝና የእኔን ስም ከአባታችን ስም ጋር ጠራ።

አብዱላሂ፣ "ቢስሚላሂ በይና አንቺው አብሪው" አለኝ። "በስመ አብ" ብዬ አበራሁት። እማዬ እልል አለች። ባለሱቁ እንኳ ከሱቁ ወጥቶ ሽቅብ ተመለከተ።

መኪናው አልመጣም። ግን ግራዝማች ሰው ልከውልኛል፦ መቶ አለቃው የእማዬ ቃል ደርሶት በጣም ተቆጥቷል፣ ቅዳሜ ራሱ ይመጣል፣ "ልጄን እወስዳለሁ" ብሏል። ግራዝማች "እኔም እገኛለሁ" ብለዋል። ከማን ጋር ሆነው እንደሆነ አላሉም። ጋሼ ጌታቸው ይህን ሲሰማ ቅዳሜ እዚህ አድራለሁ አለ።

እፈራለሁ? እፈራለሁ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ። ሰናይትን አልሰጠውም። እኔም አልሄድም። ይህን ሲመጣ ቆሜ እነግረዋለሁ፤ መቆም ካቃተኝ ተቀምጬ እነግረዋለሁ።

አሁን የሃያ ስምንት ልጆች ደብተር እያረምኩ ነው። ሰናይት አልጋው ላይ ተንጋላ አምፖሉን እያየች፣ "እማዬ፣ ስንተኛ ይጥፋ እንዴ?" አለችኝ።

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

"ትንሽ ይቆይ።"

ይቆይ።