ለእህል ብላ የሰጠችን ስም

ሚኤሶ፣ ሐምሌ 1983 ዓ.ም.

ውድ ዓባይ፣

ውድ ያልኩህ ለደብዳቤ ወግ አይደለም። ውድ ነበርክ። አሰበ ተፈሪ፣ በእርዳታ ድርጅቱ ቢሮ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሠራ ከአባቴና ከወንድሞቼ ቀጥሎ የማምነው ሰው አንተ ነበርክ። ከማመንም ያለፈ ነገር በልቤ ነበረ፤ አንተም ሳታውቀው አልቀረህም።

ደብዳቤህ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ደርሶኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተርንና በውስጡ ያለውን መረጃ ከሌባና ከቫይረስ ስለ መጠበቅ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ማስተማር መጀመርህን፣ ረዳት እንደሚያስፈልግህ፣ ከእኔ የተሻለ ሰው እንደማታገኝ ጽፈሃል። ስለ ሚኤሶ ግን አንዲት ቃል የለበትም። እንዳመለጠኝ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። የለም።

አልመጣም። ዝም ብዬ ብቀር አፍራ ነው ወይም አባቷ ከልክሏት ነው ብለህ ራስህን እንዳታጽናና ምክንያቱን እጽፍልሃለሁ።

ኮምፒውተሩ ቢሯችን የመጣ ሰሞን ሊያየው የሚገባውን ሰው ሁሉ በር ላይ ጫማ ታስወልቅ ነበር። አቧራ ያጠፋዋል፣ የጄኔሬተሩ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ያጠፋዋል፣ ከውጭ የመጣ ዲስክ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው ትለኝ ነበር። ሾፌራችን ዓሊዩ ከድሬዳዋ ጨዋታ ያለበት ዲስክ አምጥቶ በምሳ ሰዓት ሲጫወት ቫይረስ ገብቶ የበደሳን የቡና ችግኝ መዝገብ ሙልጭ አድርጎ አጠፋው። ያን ቀን እንደተቆጣኸው ቁጣ አይቼ አላውቅም። “የት እንዳደረ የማይታወቅ ዲስክ እዚህ ቤት አይገባም” አልክ። ዓሊዩን ይቅር ያልከው ሽማግሌ ልኮብህ ነው።

ማሽኑ የሚከፈትበትን የምስጢር ቃል ያስያዝከኝም ያኔ ነው። ወረቀት ላይ እንዳልጽፈው፣ ለሥራ አስኪያጁም ቢሆን እንዳልናገረው አስማልከኝ። ወላሂ ብዬ ማልኩ። አንተ ስትምል አልሰማሁም፤ ማልም ብዬህ አላውቅም። ለምን ብዬ?

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። የሚኤሶ ማሽላ በቆመበት ሲደርቅ፣ ከብቱ በየመንገዱ ሲወድቅ፣ እህል የሚሰጣቸውን ቤተሰቦች ልንመዘግብ አብረን ወረድን። ሰዉ የሚያውቀው እኔን ነው። የባለሱቁ የበክሪ ልጅ ናት ብሎ ነው ደጁን የከፈተልን። ስለ ከብቱ ይናገራል፣ ስለ ሴቶች ልጆቹ ይናገራል፤ ወንድ ልጁ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ለምን ዝም እንደሚል እኔም አንተም እናውቃለን። ወጣት ከየገበያው እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚጫንበት ጊዜ ነበር።

ለእህሉ የሰው ቁጥር አይበቃም ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር። ስምና ዕድሜ ካልተሞላ ማሽኑ ወደሚቀጥለው ቤተሰብ እንዳያሳልፍ አድርገህ የሠራኸው አንተ ነህ። “መረጃ ሲበዛ አይጎዳም” አልከኝ።

ሙሚናን አትረሳትም። የእናቴ ጎረቤት ናት፤ በልጅነቴ ጀርባዋ ላይ አዝላኛለች። “የልጄን ስም ብሰጥሽ ማን ያየዋል?” ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። ስተረጉምልህ ቀና ብለህ አይን አይኗን እያየህ፣ “ከእኔና ከዙለይኻ በቀር ማንም አይከፍተውም በላት” አልክ። እኔም አምኜህ፣ በእናቴ ስም ምዬ ነገርኳት። በድሪ ጂብሪል አለች። ዕድሜውንም ነገረችን። እሷ ስትሰጥ ያዩ ጎረቤቶቿም ሰጡ።

ከወታደር ምልመላ የመጡት ሰዎች ቢሮ ሲገቡ መዝገቡን ክፈቺልን ብለው መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነበር። መክፈቻ ቃሉን አላውቀውም አልኳቸው። አንደኛው እያየኝ ሳቀ። አንተ ጠረጴዛህ ላይ አቀርቅረህ ነበር። በማግስቱ ለችግኙ ሥራ ብለህ ወደ በደሳ ላክኸኝ። ስመለስ፣ ሰዎቹስ ብልህ፣ ባዶ እጃቸውን ሄዱ አልከኝ። ደስ አለኝ። እቤቴ ገብቼ አላህን አመሰገንኩ፤ ለአንተም ዱዓ አደረግኩ።

እህሉ የታደለ ዕለት አንተ አልወረድክም፤ ራሴን አሞኛል ብለህ ቀረህ። ስንዴው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተቆልሎ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በአካል ይቅረብ ተብሎ ሰዉ ወጣ። ወጣቶቹም ለእናቶቻቸው እህሉን ሊሸከሙላቸው መጡ። ወታደሮች ከቁልሉ ጀርባ ብቅ አሉና አንዱ ወረቀት ዘርግቶ ስም መጥራት ጀመረ። “በድሬ ጂብሪል” አለ።

ዓባይ፣ በድሬ የሚባል ሰው የለም። በላቲን ፊደል ስጽፈው የመጨረሻዋን ፊደል ተሳስቼ የመታሁ እኔ ነኝ። ያ ስም ከኮምፒውተራችን ውስጥ በቀር የትም የለም። ያን ጊዜ ገባኝ። በድሪም ሌላ ሰው የጠሩ መስሎት ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ቀጥለው ዕድሜውን፣ የእናቱን ስም፣ የመንደሩን ስም አነበቡ። ሲይዙት ትከሻው ላይ የነበረውን ከረጢት መሬት ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው፤ እንዳይፈስባት።

ሙሚና ወታደሮቹን አልለመነችም። ወደ እኔ ነው የመጣችው። “ኢልማ ኮ” አለች። ይህን ያህል ኦሮምኛ አንተም ታውቃለህ፤ ልጄን ማለቷ ነው። ከዚያ የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ፣ “ስሙን ለእህል ብዬ ነው የሰጠሁሽ” አለችኝ። ስንዴዋን ሳታነሳ ሄደች።

አሰበ ተፈሪ ተመልሼ ስጠይቅህ ልትዋሸኝ እንኳ አልሞከርክም። እምቢ ብል ቢሮውን ይዘጉት ነበር፣ እህሉ ይቆም ነበር፣ እኔንም ያስሩኝ ነበር አልክ። ፍርሃትህ ይገባኛል፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ፈርቶ መዝገቡን የከፈተን ሰው ውሎ አድሮ ይቅር ማለት ይቻላል። ቀጥለህ የተናገርከውን ነው ይቅር ያላልኩት። “ምን ጠፋ?” አልከኝ። “መረጃው እንዳለ ነው። የወሰዱት ግልባጩን ነው።”

ሙሚና የበድሪ ግልባጭ የላትም። ለችግኝ መዝገብ ብለህ ዓሊዩን ሽማግሌ እስኪልክ ያስጨነቅከው ሰው፣ የሰው ልጅ ተጭኖ ሲሄድ ምን ጠፋ አልክ። ለካ ከአቧራ የምትከልለው፣ ጫማ የምታስወልቅለት ቆርቆሮውን ነው። በመስኮት ይገባል ብለህ ስታስጠብቀኝ የኖርከውን ሌባ በበር ተቀብለህ ወንበር ሰጠኸው።

ያኔውኑ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ማሽኑን ከፈትኩ። ገና ያላተምክላቸው የሌሎች ቀበሌዎች ስሞች ነበሩ። የየቤተሰቡን ብዛት ትቼ የልጆቹን ስምና ዕድሜ ደመሰስኩ፤ በመጠባበቂያ ዲስኮቹ ላይ ያለውንም እንዲሁ። በሩ ላይ ቆመህ ታይ ነበር። አልከለከልከኝም፤ አልረዳኸኝምም። ለሥራ አስኪያጁ “መረጃ አጠፋች” ብለህ የነገርክ ግን አንተ ነህ። ተባረርኩ። የቀረው እህል በቁጥር ብቻ ታደለ፤ አንድም ቤተሰብ አልተጓደለበትም። ስምም ዕድሜም አላስፈለገም ነበር። ከመጀመሪያውም አላስፈለገም ነበር።

አሁን መንግሥቱ ወድቆ ወታደሩ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። ባቡር በመጣ ቁጥር የሚኤሶ እናቶች ጣቢያው ላይ ናቸው። በዚያን ቀን ከተጫኑት የተመለሱ አሉ። በድሪ አልተመለሰም። አብሮት የነበረ ልጅ ሰሜን እንደደረሱ ተለያየን ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም።

በቅርቡ ሌላ ድርጅት ሊመዘግብ መጥቶ ነበር። እነሱ ኮምፒውተርም የላቸውም፤ በእጅ ነው የሚጽፉት። ሙሚናን ስንት ልጅ አለሽ ብለው ጠየቋት። “ልጅ የለኝም” አለች። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ግራና ቀኟ ተቀምጠዋል። ጸሐፊው እነሱን እያየ ፈገግ አለ፤ እሷ ፊቷን አልፈታችም። የአንድ ሰው ስንዴ ተቀብላ ለሦስት ተካፈሉት። ጎረቤቶቿም እንደዚያው አደረጉ። ለተማሪዎችህ ስለ ቫይረስ ስትነግራቸው፣ ማንም ሳይነካው የተበላሸ እንዲህ ያለ መዝገብም እንዳለ ንገራቸው። አንተ ካልነገርካቸው እኔ ጽፌ እልክላቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሙሚና የአባቴ ሱቅ መጣች። ልጇ ከተወሰደ ወዲህ ደጃችንን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ጨው ገዛች። ጨዉን ቋጥራ ስታበቃ፣ ያን ጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ የነበረውን ሰው ስም ጠየቀችኝ፤ ከነአባቱ። ልትረግምህ ይሁን ዱዓ ልታደርግልህ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ሰጠኋት።

ዙለይኻ በክሪ