ጋሽ ሸምሱ ከስልኬ ጋር ሲወዳደሩ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017

ዛሬ አጎቴን ጋሽ ሸምሱን ስልኬ ላይ ባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላሸንፋቸው ተነሳሁ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። «ጉዳዩ» የምትለዋን ቃል ብቻ እንደ ሙሽራ ሲያስጌጧት ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ።

አንዲት እናት መጣች። የልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የአባቱ ስም ስለተሳሳተ እንዲታረምላት ትፈልጋለች። ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ ስልኬ ማመልከቻውን ጽፎ ቁጭ አደረገው።

«ጋሼ፣ በቃ ጡረታ ይውጡ!» አልኳቸው።

ስልኬን ተቀብለው ማመልከቻውን አነበቡት። ስህተት አጡበት። ፊታቸው ሲጠቁር እኔም ደነገጥኩ፤ ሌላ መተዳደሪያ እኮ የላቸውም። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

«ልጁ ትምህርት ቤት የሚመዘገበው እስከ መቼ ነው?»

«ነገ ያበቃል ጋሼ።»

«ይኸው! አስቸኳይ መሆኑን ማን ይጻፍላት? አንቺ ዘመናይ፣ ስልክሽ ሰው መጠየቅ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩ። ደስ ብሏቸው በእጃቸው እንደ አዲስ ጻፉት።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ስልኬን ከፈትኩት። ከማመልከቻው ግርጌ ሳላነበው ያለፍኩት አንድ መስመር አለ፦ «ጉዳዩ እስከ መቼ እንዲያልቅልዎ ይፈልጋሉ?»

ጋሼ ጋቢና ተቀምጠው ድላቸውን ለሹፌሩ ይተርካሉ። ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።