አልጠፋም ያለው የእናቴ ዲስክ

እሑድ

አሁንም እምቢ አለ። «ዲስኩ ከመጻፍ የተከለለ ነው» ይላል፤ ሌላ ቃል አያውቅም። ገመድ ቀየርኩ። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ፎርማት አድርግ ስለው ትንሽ ያስብና ያችኑ ይደግማል። በቅሎ ነው እንጂ ዲስክ አይደለም።

የታላቅ እኅቴ የትርንጎ ትእዛዝ ነው። አጎቴ ፈንታሁን ጎንደር አርፈው መርዶው ከተነገረ ወዲህ፣ እናቴ በየቀኑ ይችን ትንሽ ኤስኤስዲ ቴሌቪዥኑ ላይ እየሰካች ወንድሟ የላኩላትን ቪዲዮ ታያለች፣ ታለቅሳለች። «ዓይኗ ሊጠፋ ነው» አለችኝ ትርንጎ። «የሞተ ሰው ነገር ከዓይን ይሰወራል፣ ወጉ ነው። አንተ ደምስሰውና ተበላሸ በላት።» ለምን እኔ? የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ ስለምሠራ! እዚያ ነጭ ልብስ ለብሼ ማሽን እንደምጠብቅ ስንቴ ልንገራቸው? የሰፈሩ የተሰበረ ስልክ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው።

እናቴን «ላጸዳልሽ ነው» ብያት ወሰድኩት። «ቶሎ መልሰው» አለች። ፊቷን አላየሁም።

ሰኞ

ከጧት ምሽመረት፣ ከፋብሪካው ተራዬ ወጥቼ እንደገና ተቀመጥኩ። ዛሬ ፎርማቱን ተውኩና ቪዲዮዎቹን አንድ ባንድ ሰረዝኳቸው። ጠፉ! ደስ አለኝ ልበል? አላለኝም። ነቅዬ መልሼ ስሰካው አጎቴ ሁሉም ቦታቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ሳቄ መጣ። በሕይወት ሳሉም እንዲሁ ነበሩ፤ ተነሡ ሲሏቸው የሚነሡ ሰው አልነበሩም።

አንዱን ከፈትኩ። መክፈት አልነበረብኝም። አጎቴ ስልኩን ይዘው በዚያ ጭቃ መንገድ እየሄዱ ነው። «እታለም፣ ይኸውልሽ ተከራይታችሁ የኖራችሁባት ቤት! በሩን ሰማያዊ ቀብተውታል፣ አይ ጉድ!»

ወደ እስራኤል የምንሄድበት ተራ እስኪደርሰን ስንት ዓመት የጠበቅንባት አንዲት ክፍል ናት። ክረምት ሲሆን ጣራው ያፈስና ድስት እንደቅንለት ነበር። አጎቴ ሸንኮራ ተሸክመው ይመጡና በጥርሳቸው ልጠው ያድሉናል፤ ጭማቂው እስከ ክንዳችን ይወርዳል። ናፈቀኝ። ያች ጠባብ ቤት ትናፍቃለች ብሎ ማን ያምናል? ያኔ ጸሎታችን ከዚያች ቤት ለመውጣት ነበር። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ከዚያ ደግሜ አየሁት።

ረቡዕ

ዲስኩን ካኒዮኑ፣ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ስልክ የሚጠግነው ልጅ ጋ ወሰድኩት። እዚሁ ቂርያት ጋት የተወለደ ነው፤ አማርኛውን ከዕብራይስጥ እየቀላቀለ ይናገራል። ሰክቶ አየውና «አሒ፣ ወንድሜ፣ ይኼን ልትደመስሰው አትችልም» አለኝ። «ሲያረጅ ራሱን ቆልፏል። ያነባል፣ አይጽፍም።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ሊሞት ነዋ! አንድ ቀን ማንበቡንም ይተዋል። የምትፈልገው ነገር ካለ ዛሬ ነገ ሳትል ቅዳው።»

ሰሞኑን ሙሉ ለማጥፋት ስታገል ከርሜ፣ በራሱ ሊጠፋ ነው ሲሉኝ እዚያው አዲስ ዲስክ ገዛሁ። ለትርንጎ አልነገርኳትም። ምን እላታለሁ?

ሐሙስ

እናቴ ጋ ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ እሷ ፊቱ ተቀምጣለች። ሳልቀመጥ «ትርንጎ ናት አይደል አጥፋው ያለችህ?» አለችኝ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅ ሳለች አባቷ ሲሞቱ፣ ዘመዶቿ እንዳታለቅስ ብለው የሟቹን ጋቢ ደበቁባት። «ጠረኑ ነበረበት» አለች። «አለቀስኩ እንጂ መች ተውኩ? እስከ ዛሬ በሕልሜ ያንን ጋቢ ፍለጋ ሣጥን እከፍታለሁ። ልጄ፣ ልቅሶዬን ተዉልኝ። የኔ ነው።»

ዲስኩ ሊሞት መሆኑን ነገርኳት። ደንግጣ ተነሣች። «ታዲያ እዚህ ምን ያስቀምጥሃል?»

ዓርብ

ፈቃድ ወስጄ ከጧት ጀምሮ እናቴ ቤት እየቀዳሁ ነው። ኤሊ ነው። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። ኮምፒውተሩን ብነካው የሚቆም እየመሰለኝ እጄን ኪሴ ከትቼ እዞራለሁ።

የተረፉት፦ ሰማያዊው በር። የቅዳሜ ገበያው። የልጃቸው ሠርግ። ጥርሳቸውን ተነቅለው ሐኪሙን ሲራገሙ።

አጎቴ ዶሮ የሚያባርሩባት፣ የዶሮዋ ቪዲዮ ላይ ተቸከለ። እናቴ ከሁሉ የምትወደው እሷን ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ ሰንበት ሊገባ ነው። «ከገባ በኋላ እንዳትነካው» አለችኝ። «የሚቀዳ ከሆነ ራሱ ይቅዳ።» እንግዲህ ትቼዋለሁ። እግዜር ይርዳው።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ዲስኩ ሞቷል። ኮምፒውተሩ ጭራሽ አያውቀውም። ሌሎቹ ሁሉ አዲሱ ላይ አሉ፤ የዶሮዋ የለችም።

ትርንጎ ከሰፈሯ ከካርሜ ጋት መጥታለች፤ እናቴ ራሷ ጠርታ ሁሉን ነግራታለች። አቀርቅራ ተቀምጣለች።

«የትኛዋ ናት የቀረችው?» አለች እናቴ።

«የዶሮዋ።»

እናቴ ብድግ ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ስልክ እንደያዘ ሰው እጇን ዘርግታ፣ በአጎቴ ድምፅ፦ «እታለም፣ ይኸውልሽ የበዓሉ ዶሮ! ኧረ አመለጠች! ያዙልኝ! ያዙልኝ እንጂ!» ጉልበቴን አመመኝ የምትለዋ ሴትዮ ጠረጴዛውን ዞረች። የጎረቤትየዋንም ቁጣ አልተወችም፦ «አንቱ ሽማግሌ፣ ጎመኔን ረገጡት!» መጨረሻ ላይ ልክ እንደ አጎቴ እያለከለከች «በቃ አመለጠችን፣ እታለም። ዘንድሮ ሽሮ ነው» አለች።

እኔ በስልኬ እየቀረጽኳት ነበር። እየሳቅሁ በጠረጴዛው ዙሪያ ተከተልኳት። ትርንጎም ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ልቅሶ ሆነ።

እናቴ ወንበሯ ላይ ወድቃ ትንፋሿን ሰበሰበችና አየቻት። «ዓይንሽ ሊጠፋ ነው፣ ልጄ። ይችንም ያጥፋልሽ?»

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። አፍንጫዋን ጠርጋ ወደኔ ዞረችና «ላክልኝ» አለች።

ላክሁላት።